በ38 ዓመቴ ማስተርስ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ደብዳቤዬ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪዬን ከያዝኩ 14 ዓመት ሞላኝ። ጎማና መለዋወጫ ከዱባይ በሚያስመጣ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ የወሩ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። የ11 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። አማቴም አብረውን ይኖራሉ።

በ2017 መስከረም ላይ ኦዲተሮች መጡ። የ2016ን ሒሳብ ሲያገላብጡ አንዱ ቀና አለና ‹ይሄ የዶላር ኪሳራ የየትኛው ዓመት ነው?› ብሎ ጠየቀ። 2016 ውስጥ ያስገባነው አለቃችን ሐጂ ‹ግብሩን ይቀንስልናል፣ አስገቡት› ስላሉን ነው። እኔ ዝም አልኩ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ከተቀጠረ ዓመት ያልሞላው፣ ማስተርስ ያለው ልጅ ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ ‹የ2017 ነው፤ በ2016 ማስታወሻ ብቻ ነው የሚጻፈው› አለ። ኦዲተሩ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። በጥር የፋይናንስ ኃላፊነቱን እሱ አገኘው። ያንን ልጅ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

አሁን ማስተርስ ልማር ብዬ ተነስቻለሁ። አንድ ኮሌጅ ‹ያለ መግቢያ ፈተና፣ በአንድ ዓመት› የሚል ወረቀት ሲበትን አገኘሁ። አማቴ ‹ልጆችሽን አሳድጊ፣ አንቺ እኮ ተምረሻል› ይላሉ። ባለቤቴ ‹እንደፈለግሽ› ይላል፤ ይሄ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም። ልማር? የት ልማር? ለሐጂስ ልንገራቸው ወይስ በድብቅ ልጀምር?»

የሳቢያኗ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ያቆመኝ የፒችትሪው ነገር ነው። ያስተማርሽው ልጅ አለቃሽ ሆነ። ይሄ ያንገበግባል፤ አያንገበግብም የሚልሽ ሰው ቢሮ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ግን ንዴት ለመነሳት ይጠቅም እንደሆነ ነው እንጂ ሁለት ዓመት አያስኬድም። እኔ ያየሁት ንዴት የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስኬድሽ ሌላ ነገር ያስፈልግሻል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያቺን የዝምታ ደቂቃ እንያት።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእናንተ የሒሳብ ዓመት ደግሞ የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። እንበልና ድርጅታችሁ ለዱባዩ አቅራቢ የሚከፈል 40,000 ዶላር ዕዳ ነበረበት። ሰኔ 30 ላይ ያ ዕዳ 2,280,000 ብር ነው። ዶላሩ 110 ሲገባ ያው ዕዳ 4,400,000 ብር ሆነ። ልዩነቱ 2,120,000 ብር። ሐጂ ይሄን ሲያዩ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ግን ሰኔ 30 ላይ ቆመሽ ብትመለከቺ ይሄ ኪሳራ የለም። ዶላሩ 57 ነው። ኪሳራው የተወለደው ከ22 ቀን በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 21፣ የውጭ ምንዛሬ ዕዳሽን በመዝጊያው ቀን ዋጋ አስቀምጪው ይላል። አይኤኤስ 10 ደግሞ ከመዝጊያው ቀን በኋላ የመጣ ከባድ የምንዛሬ ለውጥን በስም ጠርቶ «ቁጥሩን አትነካኩ፣ በማስታወሻ ግለጹ» ብሎ ያዛል። ድርጅታችሁ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀውን ደረጃ የሚጠቀም ከሆነም ክፍል 30 እና ክፍል 32 ላይ ሐሳቡ ያው ነው። ልጁ ያወቀው ይሄንኑ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይሄን ያህል የዘረዘርኩት አንድ ነገር እንድታዪ ነው። ያቺን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ዓመት አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ደረጃዎቹ እነሱን በሚያወጣው በአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበሽ በነፃ ይነበባሉ። እንግሊዝኛቸው ደረቅ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ቢሆንም አይኤኤስ 10 ረጅም አይደለም። ይሄን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ አውጥተሽ አንብቢው። ማስተርሱን ጀመርሽም ተውሽም አንብቢው።

አንቺ ዲግሪሽን ስትይዢ እኮ የሒሳቡ ዓለም ሌላ ነበር። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ 847፣ የወጣው በ2006 ነው። የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱም ከእሱ ጋር ነው የመጣው። አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ መጀመሪያ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ገባ፣ ቀስ ብሎ ወደ እናንተ ዓይነቱ ወረደ። አንቺ በዚያ ጊዜ ልጅ ትወልጃለሽ፣ ደመወዝ ትሠሪያለሽ፣ ቫት ታሳውቂያለሽ። ማንም ጠርቶ «ነይ፣ ይሄ ተቀይሯል» አላለሽም። ልጁ የተማረው አዲሱን ነው። አንቺ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም ዝም ያልሽው።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ የጎደለሽ ዕውቀቱ ነው ወረቀቱ?

ዕውቀቱ ብቻ ከሆነ በርካሽ ይገኛል። ወረቀቱ ከሆነ ደግሞ የት ልትቀመጪበት እንደሆነ ለይተሽ ንገሪኝ። የባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስታነቢ «ማስተርስ ያለው ይሄን ያህል ዓመት፣ ዲግሪ ያለው ከዚያ በላይ ይሄን ያህል ዓመት» የሚለውን ታውቂዋለሽ። እዚያ ወረቀቱ በዓመት ይመነዘራል። የግል ንግድ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ሐጂ የሚፈልጉት ኦዲተር ፊት የማይደነግጥ ሰው ነው። ልጁን የሾሙት ዲግሪውን ግድግዳ ላይ አይተው አይመስለኝም። ያን ቀን አፉን ስለከፈተ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ማስተርስ የኦዲት ፊርማ አይሰጥም። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ ነው። ነገ የራሴን የኦዲት ቢሮ ከዚራ ላይ እከፍታለሁ የሚል ሐሳብ ካለሽ መንገዱ ሌላ ነው፤ በቦርዱ የሚያስመዘግብ የሙያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው በኤሲሲኤ፣ በእንግሊዞቹ የአካውንታንቶች ማኅበር ፈተና ነው። 13 ፈተና ነው። በአካውንቲንግ ዲግሪሽ የተወሰነው ሊነሳልሽ ይችላል፣ ቢበዛ እስከ 9። ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እሱን አንቺ ሦስት እጥፍ አለሽ። ችግሩ ክፍያው በፓውንድ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ፓውንድ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ጥሩ ጎኑ ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ስለሚሰጥ በራስሽ ፍጥነት መሄድ ትችያለሽ። ዝም ብዬ አልፌው እንዳይሆን ነው ያነሳሁት። ደብዳቤሽ ግን የኦዲት ቢሮ የምትከፍት ሰው ደብዳቤ አይመስልም። ኃላፊ መሆን የምትፈልግ ሰው ደብዳቤ ነው።

እንዲያ ከሆነ ተማሪ። ግን በዚህ መስከረም አይደለም።

ለምን መሰለሽ? የሒሳብ ሰው ዓመት እንደ ሌላው ሰው ዓመት አይደለም። እኛ ገበሬ ነን፤ አዝመራችን ከሰኔ 30 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ቆጠራ፣ መዝጊያ፣ ኦዲት፣ ግብር ማሳወቅ፣ ሁሉም እዚያ ይከመራል። ትምህርቱም የሚከፈተው እዚያው መሐል ነው። ሳታስቢ ብትገቢ ጥቅምት 25 ላይ በአንድ እጅሽ የሐጂን ሒሳብ፣ በሌላው የአድቫንስድ ፋይናንሻል አካውንቲንግ አሳይንመንት ይዘሽ ታለቅሻለሽ። እኔ አልቅሻለሁ፤ አንድ ሰው አላየኝም እንጂ።

እኔ ማስተርስ የጀመርኩት በ43 ዓመቴ ነው። ደንገጎን ወጥቼ ነበር የምማረው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ድሬ በዚያ ሰዓትም ሞቃት ናት፣ እኔ ግን ወፍራም ሹራብ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ላቤን እጠርጋለሁ። ረዳቱ ሁልጊዜ ይስቅብኛል፣ «ፋዘር፣ በግ ነው የያዝከው?» ይላል። ከዚያ ጥምዝምዙ ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ በመስኮቱ የሚገባው አየር በአንዴ ይቀየራል። ሹራቤን አጠልቃለሁ። ከላይ ቁልቁል የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ይወርዳሉ፤ ሾፌራችን ጥግ ይይዛል፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላለስኩ። ትምህርቱን ብዙውን ረስቼዋለሁ፣ ያንን አየር አልረሳሁትም።

ክፍል ውስጥ ያሉት የልጆቼ እኩዮች ነበሩ። መምህሩ ሳይቀር ያንሰኛል። የመጀመሪያው ቀን «ሪግሬሽን» ሲል ከአጠገቤ ያለችውን ልጅ «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም፣ እግዜር ይስጣት። እሷ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አስተማረችኝ፤ እኔ ደመወዝ አሠራር፣ ባንክ ማስታረቅ፣ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚጠይቁ አስተማርኳት። አንቺም ይሄን ያዢ፦ ክፍል ውስጥ ደረጃውን በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች ታገኛለሽ፤ ግን መጋዘን ገብተው ጎማ ቆጥረው አያውቁም። አንቺ ቆጥረሻል። አትፈሪያቸው።

እንግዲህ ለአንቺ ያለኝ ዕቅድ ይሄ ነው። አሁን ሰኔ ነው። የዘንድሮውን መዝጊያ ሥሪ። ግን ለየት አድርገሽ ሥሪው። ሁላችሁም እንደምታደርጉት ጥቅምት 29 ላይ «ሲስተም የለም» እየተባለ መሯሯጡን ተዪው። ነሐሴ ላይ ዝጊው። ይቻላል? ይቻላል። የባንክ ማስታረቂያው በየወሩ ከተሠራ፣ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ግንቦት ላይ ከጸዳ፣ የመጋዘን ቆጠራው ዝርዝር አስቀድሞ ከተዘጋጀ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይበቃሉ። ተራራው የሚሆነው ዓመቱን ሙሉ ያልሠራነው ሲጠራቀም ነው። ይሄን ዘንድሮ ተለማመጂው፤ ሙሉ በሙሉ ባይሳካልሽም የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ተማሪ ስትሆኚ ቦታ ይኖርሻል። ደግሞ ልብ በይ፣ ሒሳቡን ነሐሴ ላይ የዘጋች ሴት ሐጂ ዓይን ውስጥ መግባቷ አይቀርም።

ከኅዳር ጀምሮ ለመግቢያ ፈተናው ተዘጋጂ። ጋት የሚሉት ማለቴ ነው፣ ብሔራዊው። እንግሊዝኛ አለው፣ ሒሳብ አለው፣ የማመዛዘን ጥያቄ አለው። አንቺ ቁጥር ስለለመድሽ ሒሳቡ ቀላል ይመስልሻል፤ ያን ያህል ቀላል አይደለም። እኛ የምናውቀው የካልኩሌተርና የኤክሴል ሒሳብ ነው። ክፍልፋይ በእጅ ከሠራሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? የ11 ዓመቱ ልጅሽ የሒሳብ ደብተር አለልሽ፤ ማታ ከእሱ ጋር ሥሪ። አልቀለድኩም። ልጅና እናት አብሮ ሲያጠና አማትሽም የሚሉት ያጣሉ።

ይሄ ወደዚያ ኮሌጅ ይወስደኛል። «ያለ መግቢያ ፈተና፣ በአንድ ዓመት» አልሽኝ? እህቴ፣ ያንን ወረቀት ሳምቡሳ ጠቅልይበት። ብሔራዊው ፈተና ለግሉም ለመንግሥቱም ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ደግሞ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዲግሪ የተፈቀደለት ኮሌጅ ድሬ ላይ በማስተርስ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ጠይቂ፦ «ለድሬዳዋ ካምፓስ፣ ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ማስተርስ፣ ፈቃዱን አሳዩኝ፤ የሚያበቃበትን ቀን ጭምር።» ካሳዩሽም እዚያው አትመኚ፤ ባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጪ። አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ዓመት ከፍሎ ተምሮ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ፣ ዕድገት ሊጠይቅ ሲሄድ «ይሄ ካምፓስ ፈቃድ አልነበረውም» ተባለ። ፎቶው አሁንም ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል። አውርደው ልለው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ ይለኛል።

የት ለሚለው፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫሽ ሥር ነው፤ ሐረማያም ደንገጎን ከወጣሽ ሩቅ አይደለም። ስልክ አትደውዪ። ሄደሽ ሬጅስትራር ፊት ቁሚ፤ የቅዳሜና እሑድ ወይም የክረምት ፕሮግራም በሚቀጥለው ዓመት ይከፈት እንደሆነ፣ ስንት ተመዝጋቢ ሲሞላ እንደሚከፈት ጠይቂ። ተማሪ አልሞላም ተብሎ የሚቀር ክፍል አለ። ክፍያውንም እስከ መጨረሻው ጠይቂ። በክሬዲት ሰዓት ስንት እንደሆነ ሁሉም ይነግርሻል። የማይነግሩሽ የቴሲስ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ክፍያ ነው፤ በተለይ ቴሲሱ በጊዜው ካላለቀ በየሴሚስተሩ የሚጨመረውን። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

ለገንዘቡ መቼም እቁብ ሳይኖርሽ አይቀርም። ድሬ ውስጥ ተቀምጦ እቁብ የሌለው ሰው ካለ አሳዪኝ። ዕጣሽ ከሴሚስተር ክፍያ ጋር እንዲገጥም ዳኛውን ከአሁኑ አናግሪ፤ ከወጣለት ሰው ጋር መለዋወጥም አለ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በእጅሽ ሳትይዢ አትመዝገቢ። ወርቅሽንም አትሽጪ።

ባልሽ «እንደፈለግሽ» አለ። የረጅም መንገድ ሹፌር ቤት ሲገባ ድካም ነው የሚናገረው፤ እሺም እምቢም አላለሽም። ገና አልጠየቅሽውም። «ልማር?» ብለሽ አትጠይቂው። «ቅዳሜ ቤት ካለህ ልጆቹን ማን ነው የሚይዝ? ለሁለተኛው ሴሚስተር ከአንተ ስንት ይወጣል?» በይው። ያኔ መልሱ እሺ ይሁን እምቢ ይገባሻል።

አማትሽን በተመለከተ፣ እኔ ከእሳቸው ጋር ግማሽ እስማማለሁ። ተቆጪኝ ብትፈልጊ። ቅዳሜን ሙሉ ቀን፣ እሑድን ግማሽ ቀን የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው እኮ። ማንም አላማከራቸውም፣ «ልማር ነው» ብቻ ተባሉ። አንድ ማታ ቡናውን አንቺ አፍዪና አጠገባቸው ተቀመጪ። ክርክር አታንሺ። «እማማ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ካልያዙልኝ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» በያቸው። እውነትም ነው። ለሚያግዙሽ ቀን ደግሞ የምታግዝ ልጅ መቅጠር ከቻልሽ ወጪው ውስጥ አስገቢው፤ እሱም የትምህርት ክፍያ ነው። በተቀረ አሮጊት ሴት «የማስተርሷ እናት» መባልን ትጠላለች ብለሽ አታስቢ። ምርቃት ላይ ከሁሉም ፊት የሚቆሙት እሳቸው ይሆናሉ።

ጥናት መቼ? ድሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ማጥናት የሚባል ነገር የለም። በግንቦት ሙቀት ወረቀቱ ክንድሽ ላይ ይጣበቃል። እኔ የምነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፣ በረንዳ ላይ። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚሰማው አዛንና ቅዳሴ ብቻ ነው። ፈተና ሲደርስ ብዙ ተማሪ ምርቃና ላይ ሆኖ ያጠናል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ሌሊቱን ሙሉ ዩኒቨርሲቲውን የሚመራ ሐሳብ መጣልኝ፣ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የምጽፈው አጣሁ። አንቺ የልጆች እናት ነሽ፣ ተኚ።

አሁን ወደ ቴሲሱ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ኮርስማ ይታለፋል። አንደኛው ዓመት ሲያልቅ ክፍሉ ይበተንና ብቻሽን ትቀሪያለሽ። አማካሪሽ ሥራ ይበዛበታል። የቢሮ ሥራሽ ይውጥሻል። የእኔ 11 ወር ቆሟል። ርዕሴ የባንኮች ትርፋማነት ወሳኝ ምክንያቶች የሚል ነበር። እኛ አገር በአካውንቲንግ የሚመረቅ ሰው ግማሹ «ዲተርሚናንትስ ኦፍ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ባንክ ይሆናል፣ ኢንሹራንስ ይሆናል፣ ግብር ከፋይ ይሆናል። እኔ ባንክ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ቁጥሩ ከወረቀት ወደ ወረቀት ይገለበጣል እንጂ ምን እንደሚል አይገባኝም ነበር። መረጃ የጠየቅኩበት አንድ መሥሪያ ቤት «ነገ ና» እያለ አራት ወር በላብኝ። በመጨረሻ ርዕሱን ጣልኩና ስሠራበት የኖርኩትን ነገር አነሳሁ፦ የመጋዘን ቁጥጥር። በአምስት ወር አለቀ።

አንቺ ርዕስ አለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ተቀምጧል። ብር ሲለቀቅ የድሬ አስመጪዎች የዶላር ዕዳቸውን እንዴት መዘገቡት? በየትኛው ዓመት አስገቡት? ማስታወሻ ጻፉ? ኦዲተሮቻቸውስ ምን አሉ? ይሄን የሚያጠና ሰው ከታይዋን ገበያ እስከ መጋላ በሩን የሚያንኳኳባቸውን ነጋዴዎች ማወቅ አለበት። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ እነሱም ያውቁሻል። የሐጂን ሰነድ ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳትነኪ፤ የድርጅቶቹንም ስም በቁጥር ተኪው። ነጋዴ ቁጥሩ ወጣ ካለ ሁለተኛ በር አይከፍትልሽም።

ፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ «ቴሲስ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ታያለሽ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ገዝቶ ዲፌንስ የቀረበ ሰው አይቻለሁ። ከፈታኞቹ አንዷ «ይሄን ናሙና ለምን መረጥክ?» ብላ በየዋህነት ጠየቀችው። ልክ አንቺ ኦዲተሩ ፊት እንደሆንሽው ሆነ። አንቺ ከዚያ ዝምታ ለመውጣት ነው የምትከፍዪው፤ ገንዘብ ጨምረሽ አትመለሺበት።

ከምረቃ በኋላ ምን ይመጣል? እኔ ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ደመወዜ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። ዲግሪውን ፋይሌ ውስጥ አስገቡልኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፣ አለቀ። የተቀየረው ሌላ ነገር ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ቁጥር ሲነበብ «ይሄ ከየት መጣ?» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ተናደዱብኝ። በኋላ ከስብሰባው በፊት መጥተው ይጠይቁኝ ጀመር። ቦታው የመጣው በዚያ በኩል ነው። አንቺ ዘንድ ፈጥኖ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል፤ ልጁ እዚያ ወንበር ላይ ገና ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ምናልባት የሚመጣው ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው። ይሄን ከአሁኑ አስልተሽ ግቢ።

ስለ ልጁም አንድ ቃል። አትኩረፊው። እሱ አይኤፍአርኤስ ያውቃል፣ አንቺ ድርጅቱን ታውቂያለሽ። «ያን ቀን ያልከውን ከየት ነው ያነበብከው?» ብለሽ ጠይቂው። ፒችትሪ ያስለመድሽው ልጅ ነው፣ አይነፍግሽም።

ለሐጂ ንገሪያቸው ወይ ላልሽው፣ ንገሪያቸው እንጂ! በድብቅ የሚማር ሰው ጥቅምት ላይ ይያዛል። ድሬ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሬጅስትራር ፊት የቆምሽ ቀን ማታ ይሰማሉ። በቃል ብቻ አይሁን፣ አንድ ገጽ ጻፊ። ቅዳሜ እንዲለቁሽ ጠይቂ፤ በምትኩ ሒሳቡ ነሐሴ ላይ እንደሚዘጋ ጻፊላቸው። የክፍያውን ግማሽ እንዲያግዙሽም መጠየቅ ነውር አይደለም። ከከፈሉ ግን ውል ያስፈርሙሻል፤ ይሄን ያህል ዓመት አገለግላለሁ የሚል፣ ዋስ ያለው። ዓመቱን በደንብ አንብቢው። ከሁለት በላይ ከሆነ እኔ አልፈርምም፣ ራሴ ብከፍል ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ነገ ባንክ ቢጠራሽ እግርሽ ታስሯል ማለት ነው።

ወረቀቱን የምትሰጫቸው ጠዋት ይሁን፣ ከ5 ሰዓት በፊት። ከምሳ በኋላ ድሬ ውስጥ ሁሉም ነገር «እሺ አቦ፣ ችግር የለም» ነው፤ ጠዋት ግን ማንም እሺ ማለቱን አያስታውስም።